ግሪን ቫርዲማን ብላክ፦ የጥርስ ቀዳዳን በቁጥር የለየው ሐኪም እና ዛሬ የሚያስሞሉት ጥርስ

ጥርስዎ ተቦርቡሮ ወደ ጥርስ ሐኪም ሲሄዱ፣ ሐኪሙ በትንሿ መስታወት ካየ በኋላ በካርድዎ ላይ ክላስ 2 ወይም ክላስ 5 ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ቁጥሩን ገፈርሳ ያለ ክሊኒክ ይጻፈው ወይም አዲስ አበባ ያለ ሆስፒታል፣ ትርጉሙ አንድ ነው። ይህን ቁጥር ያወጣው ሰው ግሪን ቫርዲማን ብላክ ይባላል፤ ከሞተ ከ100 ዓመት በላይ ሆኖታል።

ቁጥሩ እርስዎን የሚመለከትበት ምክንያት አለ። የጥርስን ቀለም የሚመስለው ነጭ ሙሌት አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። ለፊት ጥርስ የሚያምረው ለመንጋጋ ላይጠነክር ይችላል፤ ድድ ጥግ ላይ በደንብ የሚይዘውም ቆሎ ሲቆረጠም ላይችል ይችላል። ቀዳዳው የት እንዳለ በቅጡ ሳይታይ የተመረጠ ሙሌት ቶሎ ይወድቃል። ሙሌት በወደቀ ቁጥር ደግሞ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ነርቩ ይቀርባል፣ በመጨረሻም ነቀላ ይመጣል። ስለዚህ የብላክን ሕይወት ማወቅ፣ ጥርስዎን ለማዳን ምን መጠየቅ እንዳለብዎት ማወቅ ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነቱና ትምህርቱ

ብላክ ነሐሴ 3 ቀን 1836 በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት፣ ዊንቸስተር በምትባል ትንሽ ከተማ አቅራቢያ ተወለደ። ያደገው በገበሬ ቤት ነው። በትምህርት ቤት ወንበር ላይ ብዙ አልቆየም፤ ይልቁንም በጫካና በወንዝ ዳር እየዞረ ዕፅዋትንና እንስሳትን መመልከት ይወድ ነበር። ይህ አስተውሎ የመመልከት ልማድ ዕድሜውን ሙሉ አልተለየውም።

17 ዓመት ሲሆነው ሐኪም ከነበረው ታላቅ ወንድሙ ዘንድ ሕክምና መማር ጀመረ። በ1857 ደግሞ ጄ. ሲ. ስፒር ከሚባል የጥርስ ሐኪም ጋር ተገናኝቶ የጥርስ ሕክምናን ከእርሱ ቀሰመ። በዚያ ዘመን ብዙ የጥርስ ሐኪሞች ሙያውን የሚማሩት እንዲህ በባለሙያ እጅ ሥር ሆነው ነበር። ለጥቂት ወራት ሲሠራ ያዩ ሰዎች የራሳቸውን ቤት ይከፍታሉ። እያንዳንዱ በመሰለው መንገድ ይሠራል፤ መሣሪያውንም ራሱ ይቀርጻል፤ ቀዳዳውንም በፈለገው ስም ይጠራል። ብላክም ሥራውን በዊንቸስተር የጀመረው በዚሁ ሁኔታ ነው። ኋላ ያወጣው ሥርዓት የተወለደው ይህን መዘበራረቅ ከውስጥ ስላየው ነው።

ከጦርነት መልስ

የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ሲነሣ በሰሜኑ ጦር ውስጥ በቃኚነት አገለገለ። ከጦርነቱ መልስ ኑሮውን ጃክሰንቪል በምትባል የኢሊኖይ ከተማ አደረገ። እዚያ ቀን ቀን በሽተኛ ያያል፣ ማታ ማታ ያነባል፣ ይመረምራል። ከመምህር ያላገኘውን በራሱ ጥረት ሞላው። በ1870 ገደማ በእግር እየተረገጠ የሚሽከረከር የጥርስ መሰርሰሪያ ሠራ። የሰፈር ልብስ ሰፊ መኪናውን በእግሩ እየረገጠ ሲሠራ ካዩ፣ የብላክ መሣሪያ የሚሠራበትን መንገድ መገመት አያቅትዎትም። ከዚያ በፊት ሐኪሙ የበሰበሰውን ጥርስ የሚያጸዳው በእጁ በሚይዛቸው ስለቶች ነበር፤ ሥራውም ረጅምና አሠቃቂ ነበር።

ጥርስ ያለ ሥቃይ እንዲነቀል የናይትረስ ኦክሳይድን ጋዝ ከተጠቀሙት ቀደምት ሐኪሞችም አንዱ ነው። በ1881 የኢሊኖይ ግዛት የጥርስ ሐኪሞችን የሚፈትን ቦርድ ሲያቋቁም የመጀመሪያው ሰብሳቢ ሆነ። ከመምህር እጅ በጥቂት ወራት የተማረው ሰው፣ ሌሎች ሳይፈተኑ እንዳይሠሩ የሚጠብቅ ሆነ ማለት ነው።

መምህሩ ብላክ

ብላክ በሚዙሪ የጥርስ ሕክምና ኮሌጅ አስተማረ፤ በኋላም በቺካጎና በአዮዋ አስተምሯል። በ1891 ወደ ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ ከ1897 ጀምሮ እስኪሞት ድረስ የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤቱ ዲን ሆኖ ሠራ። በ1890 ስለ ሰው ጥርስ አፈጣጠር የጻፈው መጽሐፍ እያንዳንዱን ጥርስና የጥርሱን እያንዳንዱን ገጽ በስሙ እንዲጠራ አድርጓል። የእጅ መሣሪያዎችንም በስፋታቸው፣ በርዝመታቸውና በማዕዘናቸው ቁጥር ሰጣቸው። ከዚያ ወዲህ አንድ ሐኪም የጻፈውን ሌላው ያለ ችግር ሊያነበው ቻለ።

በዚያው ዘመን ዊሎቢ ሚለር የሚባል አሜሪካዊ በበርሊን ሆኖ ጥርስ የሚቦረቦርበትን ምክንያት ይመረምር ነበር። ሚለር በአፍ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ስኳርና ስታርች ሲያገኙ አሲድ እንደሚያወጡ፣ አሲዱም ጥርስን እንደሚያሟሟ አሳየ። ብላክ ደግሞ እነዚህ ባክቴሪያዎች ጥርስ ላይ የሚጣበቅ ስስ ሽፋን ሠርተው ከሥሩ እንደሚሸሸጉ አስተዋለ። ዛሬ ሐኪምዎ ፕላክ የሚለው ይህን ሽፋን ነው። ጠዋት ጥርስዎን ሳይቦርሹ በምላስዎ ሲነኩት የሚያዳልጥዎት እርሱ ነው። ከዚህ የሚወስዱት ትምህርት ግልጽ ነው፦ ጥርስ የሚበላው ትል የለም፤ ጥርስ የሚያጠፋው በተደጋጋሚ የሚገባ ስኳርና ያልተጸዳ ፕላክ ነው።

ብር መሳዩ ሙሌት

በብላክ ዘመን ቀዳዳ የሚሞላው በዋናነት በወርቅ ወይም በአማልጋም ነበር። አማልጋም ማለት የብርና የቆርቆሮ ዱቄት ከሜርኩሪ፣ ማለትም ከባዜቃ ጋር ተለውሶ የሚሠራ ግራጫ ሙሌት ነው። ብዙዎቻችን በእናቶቻችንና በአባቶቻችን መንጋጋ ላይ አይተነዋል። በዚያን ጊዜ ግን አማልጋም እንደ ሠሪው ነበር፤ አንዱ ሲደርቅ ይኮማተርና በዳሩ ክፍተት ይተዋል፣ ሌላው ያብጥና ይወጣል።

ብላክ ይህን በክርክር ሳይሆን በመለካት ፈታው። ሙሌቱ ሲደርቅ ምን ያህል እንደሚያብጥና እንደሚኮማተር የሚለካ መሣሪያ፣ እንዲሁም ሰው በመንጋጋው ምን ያህል ኃይል እንደሚነክስ የሚለካ ሌላ መሣሪያ ሠራ። በ1890ዎቹ አጋማሽ የተመጣጠነ የአማልጋም ቅመም አወጣ፤ ይህ ቅመም ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ የሙያው መመሪያ ሆኖ ቆየ። ከዚህ የመጣው አስተሳሰብ ዛሬም ይሠራል፦ ማንኛውም ሙሌት ሲደርቅ ምን እንደሚሆንና ስንት ኃይል እንደሚችል ሳይታወቅ በሰው አፍ ውስጥ መግባት የለበትም።

አምስቱ ክፍሎች

በ1908 ብላክ ስለ ጥርስ ሙሌት አሠራር ሁለት ቅጽ ያለው ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ። ስሙን ከሁሉ በላይ ያስጠራው በዚህ ያስቀመጠው አከፋፈል ነው። ቀዳዳዎችን በመጠናቸው ሳይሆን በሚጀምሩበት ቦታ ለያቸው። የእርስዎ ቀዳዳ ከእነዚህ በአንዱ ውስጥ ይገኛል፦

ክላስ 1፦ በመንጋጋ ጥርስ ማኘኪያ ገጽ ላይ ባሉት ስንጥቆችና ጎድጓዶች ውስጥ የሚጀምር ቀዳዳ ነው። በልጆች ላይ በብዛት የሚታየው ይህ ነው፤ የብሩሽ ፀጉር እስከ ስንጥቁ ታች ስለማይደርስ።

ክላስ 2፦ በሁለት የኋላ ጥርሶች መካከል፣ ጎን ለጎን በሚነካኩበት ቦታ የሚጀምር ነው። በዓይን ቶሎ አይታይም፤ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በራጅ ወይም ምግብ መሸጎጥ ሲጀምር ነው።

ክላስ 3፦ በፊት ጥርሶችና በክራንቻ መካከል ያለ ነው፤ የጥርሱ ጫፍ ግን አልተሰበረም።

ክላስ 4፦ እንደ ክላስ 3 ሆኖ የጥርሱ ጫፍ ማዕዘን አብሮ የሄደበት ነው። ልጅ ወድቆ የፊት ጥርሱ ሲሸረፍም ሐኪሞች በዚህ ስም ይጠሩታል።

ክላስ 5፦ በየትኛውም ጥርስ ላይ፣ ድድ አጠገብ ያለ ነው። በጠንካራ ብሩሽ ወይም በኃይል በመፋቅ የተበላ የጥርስ አንገትም ሲሞላ በዚሁ ሥር ይመደባል።

ከብላክ በኋላ የመጡ ሐኪሞች በጥርስ ጫፍ ጉብታ ላይ ያለውን ክላስ 6 ብለው ጨመሩ። ዛሬ ጥልቀትንና ስፋትን የሚመዝኑ ሌሎች አከፋፈሎችም አሉ። ሆኖም የብላክ ቁጥሮች እስካሁን የሐኪሞች የጋራ ቋንቋ ናቸው።

ብላክ የደነገገውና ዛሬ የተተወው

አማልጋምም ወርቅም ከጥርስ ጋር አይጣበቅም። ግንድ ላይ እንደተመታ ሽብልቅ፣ የሚይዘው የቀዳዳው ቅርጽ ነው። ስለዚህ ብላክ ቀዳዳው ከላይ ጠበብ፣ ከታች ሰፋ ብሎ እንዲቀረጽ፣ በአጠገቡ ያሉት ጤነኛ ስንጥቆችም ወደፊት እንዳይቦረቦሩ አብረው እንዲከፈቱ ደነገገ። በእርሱ ዘመን ፍሎራይድ ያለበት የጥርስ ሳሙና አልነበረም፤ ሙሌቱም አይጣበቅም፤ ስለዚህ ሕጉ ምክንያት ነበረው። ዋጋው ግን ጤነኛ ጥርስ ነበር። ትንሽ ቀዳዳ ለመሙላት ትልቅ የጥርስ ክፍል ይቆረጥ ነበር።

ጥርስ መሳይ ሙሌትም በእርሱ ዕድሜ መጨረሻ ላይ ታይቶ ነበር። ሲሊኬት ሲሚንቶ ይባላል፤ በ20ኛው ምዕት ዓመት መጀመሪያ በፊት ጥርሶች ላይ ይሞላ ጀመር። ቀለሙ ያማረ ነበር፤ ነገር ግን በምራቅ እየሟሟ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያልቅ ነበር።

ሕጉን የለወጡት ሦስት ሥራዎች ከብላክ ሞት በኋላ መጡ። በ1955 ማይክል ቦኖኮር የጥርስን ሽፋን በፎስፎሪክ አሲድ ትንሽ ቢያሻክሩት ፕላስቲክ መሰል ነገር እንደሚይዝበት አሳየ። በ1962 ራፋኤል ቦወን ኮምፖዚት የሚባለው ሙሌት እስከ ዛሬ የሚሠራበትን ሙጫ አወጣ። በ1969 አለን ዊልሰንና ብራያን ኬንት በለንደን ግላስ አዮኖመርን ፈጠሩ፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያም ለዓለም አስተዋወቁት። ሙሌት ከጥርስ ጋር መጣበቅ ከቻለ ጤነኛውን ጥርስ መቁረጥ አያስፈልግም። ስለዚህ ዛሬ የብላክ አከፋፈል ቀርቷል፣ የብላክ አቆራረጥ ግን በአብዛኛው ተትቷል።

ጥርስ መሳይ ሙሌቶች እንዴት ይከፈላሉ?

ብላክ ቀዳዳውን እንደከፋፈለው ሙሌቱንም መከፋፈል ይቻላል። ሐኪምዎ ነጭ ሙሌት ሲልዎ ከሚከተሉት አንዱን ማለቱ ነው።

1. ኮምፖዚት። ከሙጫና ከደቀቀ የመስታወት ብናኝ የተሠራ ነው። ከነጭ ሙሌቶች ውስጥ በብዛት የሚመረጠው፣ ቀለሙም ከጥርስ ጋር በጣም የሚመሳሰለው እርሱ ነው። ብናኙ ትልቅ ከሆነ ይጠነክራል፣ ግን አይለሰልስም፤ በጣም ደቃቅ ብቻ ከሆነ ያበራል፣ ግን ለመንጋጋ አቅም ያንሰዋል። ስለዚህ አሁን በብዛት የሚሠራበት ሁለቱን የቀላቀለው ዓይነት ወይም ናኖ የሚባለው ነው። ፈሰስ የሚል ዓይነትም አለ፤ ለጠባብ ቦታ ይመቻል፣ ለትልቅ የማኘኪያ ገጽ ግን ብቻውን አይበቃም። የሚደርቀው አብዛኛውን ጊዜ በሰማያዊ መብራት ነው። ሲደርቅ ከ100 እጅ 2 ወይም 3 እጅ ያህል ስለሚኮማተር ሐኪሙ አንድ ጊዜ አይጠቀጥቀውም፤ ሁለት ሚሊሜትር ያህል እየደራረበ በመብራት ያደርቀዋል። በአንድ ጊዜ እስከ አራት ሚሊሜትር የሚሞላ የተለየ ዓይነትም አለ። ኮምፖዚት ትልቁ ጠላቱ እርጥበት ነው፤ በሥራው ጊዜ ምራቅ ወይም ደም ከነካው አይጣበቅም።

2. ግላስ አዮኖመር። ፍሎራይድ ካለበት የመስታወት ዱቄትና ከአሲድ ፈሳሽ ተለውሶ የሚሠራ ነው። አሲድ ሳይቀባ፣ ያለ መብራት፣ በራሱ ከጥርስ ጋር ይያያዛል። ጥቂት እርጥበት ይችላል፤ ፍሎራይድም ቀስ እያለ ያወጣል። ጉድለቱ ከኮምፖዚት ይልቅ ቶሎ መበላቱና መሰበሩ፣ ቀለሙም ደብዘዝ ማለቱ ነው።

3. በሙጫ የተጠናከረ ግላስ አዮኖመር። የሁለቱ ድብልቅ ነው፤ ከግላስ አዮኖመር ይጠነክራል፣ በመብራትም ይደርቃል፣ ፍሎራይድም ያወጣል። ለድድ ጥግና ለወተት ጥርስ ብዙ ጊዜ ይመረጣል።

4. ኮምፖመር። ለኮምፖዚት የቀረበ ድብልቅ ነው፤ በዋናነት ለልጆች የወተት ጥርስ ይውላል።

5. ሴራሚክ። በአፍ ውስጥ አይጠቀጠቅም፤ ልክ ተወስዶ ውጭ ተሠርቶ በሙጫ ይለጠፋል። ቀዳዳው በጣም ሰፍቶ ሌላው ሙሌት የማይበቃ ሲሆን ይታሰባል። ውድ ነው፤ ብዙ ጊዜም ከአንድ ቀን በላይ ቀጠሮ ይጠይቃል።

ለየትኛው ቀዳዳ የትኛው ሙሌት?

ሁለቱን አከፋፈሎች አጋጥመው ሲያዩ ምርጫው ይገለጥልዎታል። ክላስ 1 ትንሽ ከሆነ ኮምፖዚት ይበቃዋል፤ ሳይቦረቦር ስንጥቁን መድፈንም ይቻላል፣ ይህም በተለይ አዲስ ለበቀለ የልጅ መንጋጋ ይጠቅማል። ክላስ 2 ከሁሉ የሚያስቸግረው ነው፤ ኮምፖዚት ከተመረጠ ጥርሱ በደንብ እንዲደርቅና ጎረቤቱን በትክክል እንዲነካ ሆኖ መሠራት አለበት። ክፍተት ከቀረ ሥጋ እየተሸጎጠ ድድዎን ያቆስላል። ክላስ 3 እና ክላስ 4 በፊት የሚታዩ ስለሆኑ ለስላሳና የሚያበራ ኮምፖዚት ይስማማቸዋል፤ ክላስ 4 በተጨማሪ ጥንካሬ ይፈልጋል። ክላስ 5 ድድ አጠገብ ስለሆነ ማድረቅ ያስቸግራል፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜ ግላስ አዮኖመር ወይም በሙጫ የተጠናከረው ይመረጣል።

ነጩ ሁልጊዜ ከግራጫው ይሻላል ብለው እንዳይደመድሙ። በደንብ የተሠራ አማልጋም ብዙ ዓመት ይቆያል፤ ችግር ካልፈጠረ በቀለሙ ብቻ አስወጥቶ ማስቀየር አይመከርም። ይሁን እንጂ ሜርኩሪ አካባቢን ስለሚበክል፣ በ2013 በተፈረመው የሚናማታ ስምምነት መሠረት አገሮች አማልጋምን እየቀነሱ ነው። የስምምነቱ አባል አገሮች በ2022 ባደረጉት ውሳኔ፣ ሐኪሙ አስፈላጊ ነው ካላለ በቀር አማልጋም በወተት ጥርስ፣ ከ15 ዓመት በታች ባሉ ልጆች፣ በነፍሰ ጡሮችና በሚያጠቡ እናቶች ላይ እንዳይሠራ ተስማምተዋል። ነፍሰ ጡር ከሆኑ ወይም ጡት የሚያጠቡ ከሆነ ይህን ለሐኪምዎ መንገርዎን አይርሱ።

መብራት በሌለበትም ጥርስ መሙላት እንደሚቻል ማወቅም ይጠቅማል። በ1980ዎቹ በታንዛኒያ የተጀመረ አንድ ዘዴ አለ፤ የበሰበሰው ክፍል ያለ መሰርሰሪያ በእጅ መሣሪያ ብቻ ይጸዳና በግላስ አዮኖመር ይሞላል። ብዙ ጊዜ ማደንዘዣ መርፌም አያስፈልገው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ግላስ አዮኖመርን ከአስፈላጊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። ልጅዎ መሰርሰሪያ የሚፈራ ከሆነ፣ ወይም የሚኖሩበት አካባቢ ጤና ጣቢያ መብራት የሚቆራረጥበት ከሆነ፣ ይህ ዘዴ ይቻል እንደሆነ ይጠይቁ።

የበለዘ ጥርስ፦ የብላክ የመጨረሻ ምርምር

በብላክ የመጨረሻ ዓመታት አንድ ሌላ ጥያቄ መጣ፤ ይህ ደግሞ ከእኛ አገር ጋር በቀጥታ የሚገናኝ ነው። በኮሎራዶ ግዛት የሚሠራ ፍሬድሪክ መኬይ የሚባል ወጣት የጥርስ ሐኪም፣ በዚያ አገር ተወልደው ያደጉ ሰዎች ጥርስ ቡናማ ሆኖ መበለዙን አይቶ ምክንያቱን ሊያገኝ አልቻለም። ብላክ ከ1909 ጀምሮ አብሮት ሠራ፤ የበለዙትን ጥርሶች በማይክሮስኮፕ መረመረ። ሁለቱ ሁለት ነገር አስተዋሉ፦ ብልዙ የሚመጣው ጥርስ ድድ ውስጥ ሳለ በሚፈጠርበት ዕድሜ ነው፤ የበለዙት ጥርሶች ደግሞ እንደተጠበቀው ቶሎ አይቦረቦሩም ነበር። ምክንያቱ ውሃው ውስጥ ያለው ፍሎራይድ መሆኑ የታወቀው በ1931 ነው፤ ብላክ ያን ጊዜ በሕይወት አልነበረም።

ይህ ብልዝ በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆም ይታወቃል። በወንጂ፣ በዝዋይና በሌሎች የስምጥ ሸለቆ አካባቢዎች የጉድጓድ ውሃ ጠጥተው ያደጉ ብዙ ሰዎች ጥርሳቸው በልዟል፤ መጠኑ በጣም ከፍ ባለበት ቦታ አጥንትም ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ወሰን በአንድ ሊትር 1.5 ሚሊግራም ፍሎራይድ ነው። እርስዎ ከዚያ አካባቢ የመጡ ከሆነ ጥርስዎ የበለዘው ስላልቦረሹት አይደለም፤ ማፈርም አይገባዎትም። መለስተኛውን ብልዝ ሐኪም በመፋቅና በማንጻት ሊቀንሰው፣ ጠንካራውን ደግሞ ከፊት በኮምፖዚት ሊሸፍነው ይችላል። በበለዘ ጥርስ ላይ ሙሌት እንደ ሌላው ላይያዝ ስለሚችል፣ ያደጉበትን ቦታ ለሐኪሙ ይንገሩ።

ገፈርሳ፣ ቡራዩ ወይም ሱሉልታ ለሚኖሩ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። የገፈርሳ ግድብ ለአዲስ አበባ ከተማ ውሃ ሲያቀርብ ኖሯል፤ እንዲህ ያለ የደጋ ዝናብና ወንዝ ውሃ በአብዛኛው ፍሎራይዱ ዝቅተኛ ነው። ጥርስ አይበልዝም፤ ነገር ግን ከመቦርቦር የሚከላከለውን ፍሎራይድ ከውሃው አያገኙም። ስለዚህ በቀን ሁለት ጊዜ፣ በተለይ ከመተኛትዎ በፊት፣ ፍሎራይድ ባለበት የጥርስ ሳሙና መቦረሽ ያስፈልግዎታል። መፋቂያ ፕላክን ያነሣል፤ ፍሎራይድ ግን ስለሌለው ሳሙናውን አይተካም። ከሦስት ዓመት በታች ላለ ሕፃን የሩዝ ፍሬ የሚያህል፣ ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት ላለ ልጅ የአተር ፍሬ የሚያህል ሳሙና ይበቃል።

ሞቱና ያስቀረው

ብላክ ነሐሴ 31 ቀን 1915 በ79 ዓመቱ በቺካጎ አቅራቢያ ሞተ። ልጁ አርተር ብላክ ከእርሱ በኋላ የዚያው ትምህርት ቤት ዲን ሆነ፤ ሥራውንም ቀጠለ። የሙያ ባልደረቦቹ በቺካጎ ሊንከን ፓርክ ሐውልት አቆሙለት። በሙያው ዓለም የዘመናዊ የጥርስ ሕክምና አባት ይባላል።

ዕድሜውን ሙሉ ጥርስ ሲሞላ የኖረው ይህ ሰው ለተማሪዎቹ ይነግራቸው ከነበሩት ነገሮች አንዱ፣ አንድ ቀን የጥርስ ሐኪም ዋና ሥራ መጠገን መሆኑ ቀርቶ መከላከል እንደሚሆን ነው። ያ ቀን ሙሉ በሙሉ አልመጣም። ብዙ ሰው ወደ ሐኪም የሚሄደው ሌሊት እንቅልፍ ሲያጣ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ሙሌት ብቻ ላይበቃ ይችላል።

ጥርስ ከማስሞላትዎ በፊት የሚጠይቁት

ቀዳዳዬ የት ነው፣ ክላሱስ ስንት ነው? ነርቩን ነክቷል ወይስ አልነካም? የሚሞላው ኮምፖዚት ነው ወይስ ግላስ አዮኖመር፣ ለምንስ ይህ ተመረጠ? በሥራው ጊዜ ጥርሱ ከምራቅ እንዴት ይጠበቃል? ሳይነቀል መዳን ይችላል? እነዚህን መጠየቅ ሐኪሙን መዳፈር አይደለም፤ ጥሩ ሐኪም በደስታ ይመልስልዎታል። ጎረቤትዎ ያስሞላውን ዓይነት ብለው አይጠይቁ፤ የእርሱ ቀዳዳ የእርስዎ አይደለም።

ካስሞሉ በኋላ

ማደንዘዣው እስኪለቅ አይብሉ፤ ከንፈርዎን ወይም ጉንጭዎን ሳያውቁት ሊነክሱ ይችላሉ። ግላስ አዮኖመር ከሆነ እስከ ማግሥቱ ድረስ ቆሎና ጠንካራ ነገር በዚያ በኩል አያኝኩ። ቡናና ሻይ ኮምፖዚትን ከጊዜ በኋላ ሊያጠይሙት ይችላሉ፤ ከጠጡ በኋላ በውሃ መጉመጥመጥ ይረዳል። ስኳሩንም ቢቀንሱ ጥርስዎ ይጠቀማል። ለጥቂት ቀናት፣ አንዳንዴም ለሁለት ሳምንት ያህል፣ ቀዝቃዛ ነገር ጠቅ ሊያደርግዎት ይችላል፤ ቀስ በቀስ ከቀነሰ አያስጨንቅም።

የሚከተሉት ካጋጠሙዎት ግን ቶሎ ይመለሱ፦ አፍዎን ሲገጥሙ ሙሌቱ ቀድሞ የሚነካ ከሆነ፤ ምንም ሳይነካው በራሱ የሚያምዎት ወይም ከእንቅልፍ የሚያስነሣዎት ከሆነ፤ ሙሌቱ ከተሰነጠቀ፣ ከወደቀ ወይም ዳሩ ላይ ምግብ የሚሸጎጥ ከሆነ። ፊትዎ ካበጠ፣ ትኩሳት ካለዎት፣ አፍዎን መክፈት ወይም መዋጥ ካቃተዎት በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይሂዱ፤ መተንፈስ ካስቸገረዎት ደግሞ አንድ ደቂቃም አይጠብቁ።

ምንም ሕመም ባይኖርዎትም ሐኪምዎ በሚወስነው ጊዜ እየሄዱ ይታዩ። ክላስ 1 ትንሽ ሳለ በአንድ ቀጠሮ ይሞላል፤ ሲቆይ ግን የነርቭ ሕክምና ወይም ነቀላ ይጠይቃል። ቀዳዳው ትንሽ ሳለ መሄድ ጥርስዎንም ገንዘብዎንም ያድናል።